አጥር ላይ የተሰቀለው ሳንባ

የካቲት ፱ ቀን፣ ከሱቄ

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣

ከልጅሽ ከሚጡ ጋር እንዴት ናችሁ? «ትንፋሿ ተመልሶላት ዳገቱን በሩጫ ትወጣዋለች» ብለሽ የጻፍሽልኝን እየደጋገምኩ አነበብኩት። «እንግዲህ ድናለች፤ ወደ ቤታችን እንመለስ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ጠፍቶኝ ነው።

እኔ ያው ስፌት ሱቄ ውስጥ፣ አውቶቡሶቹ ወረፋ ከሚጠብቁበት ፊት ለፊት ነኝ። ሲቆሙም ሞተር አያጠፉም። ጠዋት የወለወልኩት መስታወት ለምሳ ሳልነሳ ይጠቁራል። ነጭ ልብስ መቀበል ትቻለሁ፤ ባለቤቱ ሳይወስደው ያድፋል።

ባለፈው ወር የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ፣ «እትዬ፣ ሰው ጭሱን ለምዶት አያየውም። የሚያየው ነገር ስፊልኝ» አለችኝ። ከነጭ ጨርቅ በር የሚያክል ሳንባ ሰፋሁላትና ፌርማታው አጥር ላይ ሰቀልነው። ሳምንት ሳይሞላው ጥላሸት መሰለ። ሰው ይከበው ጀመር። እሷም፣ «ነገሩ ሳል ብቻ አይደለም፤ ልብ ያደክማል፤ የልጆችን ሳንባ ያቀጭጫል» እያለች ታስረዳለች።

ሾፌሮቹ ግን ተሳለቁብን። ያ በክላክሱ ከእንቅልፍሽ ይቀሰቅስሽ የነበረው፣ ጡሩምባ የምንለው ሾፌር፣ በመስኮት ብቅ ብሎ፣

«እትዬ፣ አጥቦ ማስጣት አይሻልም?» አለኝ።

«ይሄስ ይታጠባል። ያንተን ማን ያጥብልሃል?» አልኩት።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ መስኮቱን ዘግቶ ነዳ። በማግስቱ ሱቄ ገብቶ ቆመ። «የኔም ልጅ ደረቷ ሲር ሲር ይላል፤ ብርድ ነው እያልን ነበር» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲቆም ሞተሩን ያጠፋል። አውቶቡሱ አርጅቷልና አንዳንዴ አልነሳም ይላል፤ ተሳፋሪው እየተራገመ ይገፋል። አንድ ቀን እኔም ልግፋ ብዬ ወጣሁ። ጎማው ሳይዞር ትንፋሼ አጥሮ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ዕድሜ ነው።

ሌሎቹ እንደ ድሯቸው ናቸው። ማዘጋጃ ቤት አመልክተን «ይታያል» ተባልን። መታየቱንማ አጥሩ ላይ ይታያል። ደከመኝ ልጄ።

ስልክሽን የማላነሳው ተቀይሜሽ አይደለም። ጫጫታው አያነጋግርም፤ ደግሞ ጉሮሮዬን በጠረግሁ ቁጥር ትሰጊያለሽ። ነርሷ ደረቴን አዳምጣ፣ «ሱቁን ቀይሪ» ብላኛለች። «ደንበኞቼንስ ማን ይቀይርልኛል?» ብዬ ቀለድኩባት። እሷ ግን አቀርቅራ መሣሪያዋን መጠቅለል ያዘች።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ኑ ልላችሁ አስቤ አልጋችሁን ሁሉ አንጥፌ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጡሩምባ ልጁን አዝሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሮጥ አየሁት። ከውኃ እንደ ወጣ ዓሣ አፏን ትከፍታለች፤ አየሩ ግን አይገባላትም። በኋላ ተሽሏት ተመለሰች፣ ተመስገን። ያን ካየሁ ወዲያ ግን እጄ ኑ ብሎ አልጽፍ አለኝ።

አትምጡ። ቤቱ ጭር ብሎብኛል፤ ቢሆንም አትምጡ። እዚያው ትሩጥልኝ።

የምትተነፍሱት ንጹሕ ይሁንላችሁ። ሚጡን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

እናትሽ

የሚጡን ልክ ላኪልኝ። የዘንድሮውን ብቻ አይደለም፤ ስታድግ የምትለብሰውንም እየገመትኩ አሁኑኑ ልስፋላት።