የዘለልኩት ስንኝ

ሐይቅ፣ ኅዳር 9

የግጥም መጽሐፌ ዛሬ ከማተሚያ ቤት ደረሰ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግጥም ግን አንዴ ከሰማች አትረሳም። የከሰዓቱን የዐስር ሰላት ሰግዳ መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች «እስቲ አንብቢልኝ ልጄ» አለችኝ። ስለ ሱጁድ የጻፍኩትን መረጥኩ፤ እሱ ደህና መስሎኝ።

«ግንባሬን ስደፋ ለጌታዬ ልሰግድ» አልኩና ቀጣዩን ስንኝ ዘለልኩት። ያላገባሁ ልጅ እንዴት ብዬ ላንብብላት?

መቁጠሪያዋን ያዝ አደረገችው። «ቤቱ አልመታም። የዘለልሽው አለ።»

አነበብኩት። «አንገቴ ላይ አለ እስትንፋስህ ሲነድ።»

መቁጠሪያዋን መቁጠር ቀጠለች። የማን እስትንፋስ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ «ልጄ የዱዓ መጽሐፍ ጻፈች» እያለ ለመስጊዱ ሰው ሁሉ አውርቷል። አሁን መግሪብ ሰግዶ ተመልሷል። እኔ ጓዳ ተደብቄ ይህን እጽፋለሁ፤ ድምፃቸው ይሰማኛል።

«ምን አነበበችልሽ?» አላት።

እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ግንባሬን ስደፋ ለጌታዬ ልሰግድ» አለችና እኔ ያቋረጥኩበት ላይ አቋረጠች።

አባቴ «እሺ፣ ቤቱስ?» አላት።