የሚደማው ቀይ ሥጋ

ሰኞ

ቀይ መሆኑ ደግ ነው ወይስ ክፉ? ዛሬ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የአባዬ የእግር ቁስል ፋሻው ሲፈታ አየሁት። ያ የሞተው ጥቁር ሥጋ ባለፈው ተቆርጦ ከወጣ ወዲህ ጉድጓዱን አንድ ቀይ፣ ጎርባጣ ነገር ሞልቶታል። እንጆሪ ይመስላል። ነርሷ ሲስተር ትብለጥ በጨው ውኃ ስታጥበው ደማ። ዓይኔን ጨፈንሁ።

"ደስ ይበልሽ እንጂ! የሚደማው አዲስ የደም ሥር እየበቀለበት ስለሆነ ነው" አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ሲል ሐኪሙ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየና "ጥሩ ነው፤ ከልክ በላይ ካደገ ግን እናነሳዋለን" አለ። ጥሩ ከሆነ ለምን ይነሳል? ሳልጠይቀው ሌላ በሽተኛ ጠራው። ዓርብ ተመለሱ ብሎናል። የቁስሉ ዳር ወደ ውስጥ መግባት ካልጀመረ ወደ ባሕር ዳር ይልከናል። ባሕር ዳር ማለት ምን እንደሆነ አባዬም ገብቷቸዋል። እግር መቁረጥ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የመጣው ከአንድ መጥረቢያ ነው። እንጨት ሲፈልጡ ሸርተት ብሎ ቅልጥማቸውን መታቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ ድኖ ረስቶት ነበር። አባዬ ስኳር አለባቸው።

ማክሰኞ

ቡሬ። ሳስተምር ዋልሁ። የዛሬው ትምህርት የህዋስ አጽም ነበር። እንደ ሌላ ጊዜው ከመጽሐፉ ገልብጬ ላልፈው ነበር። "በህዋስ ውስጥ ቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች አሉ፤ ቅርጹን ይይዛሉ፤ ያንቀሳቅሱታል" ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፦ "ቲቸር፣ አጽም ካለው እንዴት ቅርጹን ይቀያይራል? የኛ አጥንት መቼ ይታጠፋል?"

"ነገ እንመለስበታለን" አልሁ። አላወቅሁትማ።

ከክፍል ስወጣ በስልኬ ሳነብ ቆየሁ። የገባኝ ይህን ያህል ነው። አጽም ይባል እንጂ እንደ አጥንት ደርቆ የቆመ አይደለም። ህዋሱ ሲጓዝ በፊቱ በኩል አዳዲስ ክር ይሠራል፤ ክሩ ሽፋኑን ወደፊት ይገፋል። ፊቱ ያረፈበትን ቆንጥጦ ሲይዝ ጀርባው ተሰብስቦ ይከተላል። ከኋላ እየፈረሰ ከፊት ይሠራል። የደም ሥርም የሚያድገው እንዲሁ ነው። ጫፍ ላይ ያለው ህዋስ እንደ ጣት የቀጠኑ ነገሮች እየዘረጋ፣ ኦክስጅን ያጠረው ሥጋ ወደሚልከው ምልክት ይሄዳል። ሌሎቹ ከኋላው ይሰለፉና ቱቦ ይሆናሉ።

እሰይ አልሁ። አባዬ እግር ውስጥ እየሆነ ያለው ይህ ነው! ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ግን መልሶ አደናገረኝ። ለካ ካንሰርም የራሱን የደም ሥር የሚስበው በዚሁ መንገድ ነው። ታዲያ መብቀሉ ብቻውን ምን ይነግረኛል? ስልኩን ዘጋሁት።

ረቡዕ



ረፋድ ላይ እማዬ ደወለች። አያ ምንይችል፣ የአባዬ ታናሽ ወንድም፣ ቁስል በጋለ ብረት የሚተኩስ ሰው ይዘው መጥተዋል። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ በሚኒባስ ማንኩሳ፣ ከዚያ በባጃጅ ቤት ደረስሁ። ስገባ ብረቱ ከሰል ውስጥ ነው።

"እንኳን መጣሽ ደብሬ" አሉ አያ ምንይችል። "ይህ ትርፍ ሥጋ ነው። ሐኪሙስ ይነሳል አላለም? ቀድመን ብናነሳው ምን ነውር አለው?"

እውነታቸውን ነው፤ ብሏል። ስለ ክሮቹ፣ ስለ ጫፉ ህዋስ መናገር ጀመርሁ። ለራሴም አልጥም አለኝ። ሰውየው ብረቱን ገለበጠው።

"እስቲ በእግዜር፣ ቢተው እንደሚድን ታውቂያለሽ?" አሉኝ አያ ምንይችል።

"አላውቅም። ግን አይተኮስም።"

ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። አባዬ ወደኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ይኸ የበቀለው ነገር ብረት ከነካው ተመልሶ ይበቅላል?"

"እንጃ አባዬ። ስኳር ላለበት ሰው ተመልሶ የማይበቅል ይመስለኛል።"

"እንግዲያስ ይቅር። እንግዳውን ምሳ አብሉና ሸኙት።"

አያ ምንይችል ጋቢያቸውን ጠቅልለው ደህና ዋሉ ሳይሉ ወጡ።

ሐሙስ

ፈራሁ። ነገ "ባሕር ዳር" ቢሉን ጥፋቱ የኔ ይሆን?

ፋሻውን ስቀይር አሸተትሁት። ክፉ ሽታ የለውም። ሲስተር ትብለጥ ጋ ደወልሁና ሐኪሙ ጥሩ ያለውን ሥጋ ለምን እናነሳዋለን እንዳለ ጠየቅኋት። ቆዳ የሚሠሩት ህዋሶች ከዳር ተነስተው በቀዩ ሥጋ ላይ እየዳሁ ነው የሚሄዱት አለች። ቀዩ ከሌለ የሚሄዱበት የለም። ቀዩ ከዳሩ በላይ ከተቆለለ ደግሞ መውጣት ያቅታቸዋል። ለካ ሐኪሙ ያላቸው ሁለቱም ነገሮች ልክ ናቸው።

የአባዬስ? እማዬ ከዳሩ እኩል ነው አለች። እኔ በአንድ ጎን ከፍ ያለ መሰለኝ። እንደገና አየን። አሁን እሷ ከፍ ያለ ነው አለች፣ እኔ እኩል ነው አልሁ።

"እናንተ ስትከራከሩ እግሬን በረደኝ" አሉ አባዬ።

አያ ምንይችል ብቅ አላሉም። ከብቶቹን በሳቸው ፈንታ እማዬ አጠጣቻቸው።

ዓርብ

ጠዋት በር ላይ ባጃጅ ቆመ። አያ ምንይችል ናቸው። አባዬን አዝለው አስገቧቸው።

ሐኪሙ ዛሬ አልቸኮለም። በሦስቱ ጎን፣ ከቁስሉ ዳር ወደ ውስጥ፣ የወተት ስልባቦት የመሰለ ስስ ነገር ጀምሯል። አዲስ ቆዳ ነው። ባሕር ዳር ለጊዜው ቀርቷል! እማዬ ጋ ደውዬ ነገርኋት።

በአራተኛው ጎን ግን ሥጋው ገርጥቷል፤ ሲነካም አይደማም። "ይህስ?" አልሁት። "እሱን እንጠብቀው" አለ። "ስኳሩ ልክ ከያዘ ደም ሊደርሰው ይችላል። ላይደርሰውም ይችላል።"

ከዚያ ጫፉ መድኃኒት የተቀባ ቀጭን እንጨት አወጣና ከፍ ያለችውን ቀይ ጉብታ ነካ ነካ አደረጋት። ነጭ ሆነች።

"ምን እያደረጉ ነው?" አሉ አያ ምንይችል።

"ትርፏን ማቃጠል ነው፤ ይችን ብቻ።"

አያ ምንይችል አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። "እኔስ ምን አልሁ?" አሉ ቀስ ብለው። ግን ሲስቁ ነው ያየኋቸው። ማን ትክክል እንደነበረ አሁንም አላውቅም። ያ ሰውዬ ሁሉንም ነበር ሊያቃጥለው።

ስንመለስ ማንኩሳ ላይ አባዬ ባጃጁን አስቆሙ። አንድ ሰው የሚሸጥ ጊደር ይዞ መንገድ ዳር ቆሟል። በምርኩዛቸውና በወንድማቸው ትከሻ ተደግፈው ወረዱ። ሐኪሙ "ብዙ አይቁሙ" ነው ያላቸው ወይስ "ብዙ አይቀመጡ"? ሁለቱንም ያለ መሰለኝ። ልጠራቸው አፌን ከፈትሁ። ጎንበስ ብለው የጊደሯን ጥርስ እያዩ ነበር፤ በዋጋው ሲከራከሩ ድምፃቸው እስከ ባጃጁ ይሰማል።

ተውኋቸው።