አባቴ የቆረጠው ምሰሶ

ማርች 4
ዝናብ። ድንች ላጥኩ፣ ሾርባ ጣድኩ። ከመኝታ ክፍሌ በታች፣ ከሠረገላ ቤቱ ሰፊ በር በላይ፣ ግንቡ እንደገና ተሰንጥቋል። ጣቴ ይገባል። አምና አይገባም ነበር…

ማርች 9
የርስቱ ባለቤት ወይዘሮ ላቪኒያ መሐንዲስ ይዛ መጣች። እሱም ግንቡን ለካ፣ አንኳኳ፣ ራሱን ነቀነቀ። «መሠረቱ ሰምጧል። መፍረስ አለበት።»
እሷ ዓይኔን ማየት አቃታት። «ዶርካስ፣ ሌላ ቤት እሰጥዎታለሁ።»
ሌላ ቤት? እዚህ ተወልጄ! አያቴ ሠረገላ የነዳበት፣ አባቴ መኪና ያሳደረበት ቤት። ደግሞ መሠረቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለምን ዝም አልኩ?

ማርች 10
ልጻፈው። ሰባት ዓመቴ ነበር። የድሮው የርስቱ ጌታ ሰፊ መኪና ገዙ። ፎቁን የተሸከመው የባሉጥ እንጨት ምሰሶ መሀል ቆሞ አላስገባ አለ። ሹፌራቸው አባቴ ነበር፤ ሲያስገባ መኪናውን ሁለቴ ፋቀው። ከሥራ እንዳይባረር ፈራ። ምሰሶውን ከወለሉ እኩል በመጋዝ ቆረጠ፣ ሥሩን በወለል ድንጋይ ሸፈነ፣ «በስብሶ ነበር» ብሎ ዋሸ። «ዶሪ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ!» አለኝ።
ይኸው እስከ ዛሬ…

ማርች 11
ለአናጢው ለኢኖክ ነገርኩት። አብረን ነው ያደግነው።
«አንቺ ሴትዮ! ይሄን ሁሉ ዘመን በአየር ላይ ነው የተኛሽው?»
ድንጋዩን ፈነቀለ። የምሰሶው ጉቶ እዚያው አለ። ደረቅ፣ ጠንካራ። ምኑም አልበሰበሰ።
ወይዘሮ ላቪኒያ ዘንድ ሄድን። ስለ አባቴ ሁሉንም ተናገርኩ። ከዚያ እጄን ያዘች። «ሰው ለልጁ እንጀራ ሲል ስንት ያደርጋል… እንኳን ነገሩኝ።»

ማርች 16
መሐንዲሱ ተመልሶ ለካ። ተሳስቻለሁ አለ፣ በገዛ አፉ። መሠረቱ ደህና ነው። የጎደለው ምሰሶ ብቻ ነው! አለቀስኩ።

ሜይ 20
አዲሱ ምሰሶ ቆመ። ስንጥቁም ተደፈነ። ኢኖክ መሰላል ላይ ሆኖ፣ ምሰሶው ላይ ማንም በማያየው በኩል፣ የሠሩትን ሰዎች ሁሉ ስም በእርሳስ ጻፈ።
«የአባትሽ ስም ሩበን አይደል?»
«ኧረ የቆረጠው እኮ እሱ ነው!»
«እሱ ባይቆርጠው እኔ ሥራ ከየት አገኝ ነበር?» ጻፈው።
እራት አብረን በላን። ስለ አባቴ አወራሁ። እያፏጨ መኪና ሲያጥብ፣ ትከሻው ላይ ሲሸከመኝ… ወሬው አላበቃ አለኝ። ለካ ስሙን ማንሳት ከተውኩ ስንት ዘመኔ! ተመስገን።