ለአማታችን የተገዛው ማሞቂያ

ሰኞ
ዛሬም ማሞቂያው! አማቴ ከአምባ ጊዮርጊስ ደውለው ሩብ ሰዓት ሙሉ ስለ እሱ አወሩልኝ። ብርዱ ከጉልበቴ ወጣ፣ ገነት ትባረክ አሉ። ማሞቂያውን የገዛችላቸው ገነት የባሌ ወንድም ሚስት ናት፤ አዘዞ አዲስ ቤት ሠርታ የምትኖር። እኔም አምና ጋቢ ገዝቼላቸው ነበር። ጋቢውስ አልኳቸው። «አለ፣ ሳጥን ውስጥ» አሉኝ። ቀናሁ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እተነፍሳለሁ?

ማክሰኞ
አራዳ ገበያ አምፖል ልገዛ ሄጄ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ መስታወት ላይ ወረቀት አየሁ። ያው ማሞቂያ፣ ከነፎቶው! ስፒናው እየጋለ ይቀልጣል፣ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ አስመጪው እየሰበሰበው ነው። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። እንዲህ ይላል፦
– ወዲያው ይንቀሉት።
– ከጀርባው ያለውን ቁጥር እዚህ ከተጻፈው ጋር ያመሳክሩ።
– ራስዎ አይጠግኑት፤ ለሌላ ሰው አይስጡ፣ አይሽጡ።
– ከነደረሰኙ ወደ ገዙበት ሱቅ ይመልሱ።
እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አምፖሉንም ረስቼው መጣሁ።

ረቡዕ
አልደወልኩም። ብደውል ቀናች ይሉኛል። ደግሞስ ቀንቼ የለ? ባሌ ለመስክ ሥራ ወጥቷል፣ ስልኩ አይገባም። ሦስቴ ልደውል አንስቼ ሦስቴ አስቀመጥኩ። ቁጥሩ ላይገጥም ይችላል እያልኩ ራሴን ሳታልል ዋልኩ።

ሐሙስ
ከሰዓት ደወልኩ። ይንቀሉት እማ፣ አደጋ አለው አልኳቸው።
«ምነው ልጄ፣ ገነት ስለሰጠችኝ ከፋሽ?»
እንዳልሰማ አለፍኩት። የጀርባውን ቁጥር ያንብቡልኝ ብል መነጽራቸው ተሰብሯል። ደግሞ አንቺ የሠራሽውን ዳንቴል አልብሼው እንዴት አምሮበታል መሰለሽ አሉ። ሦስት ወር የለፋሁበትን ዳንቴል ለገነት ማሞቂያ! የከበረ ዕቃ ሁሉ እሳቸው ቤት ልብስ አለው፤ ቴሌቪዥኑም ራዲዮኑም። ተናድጄ ሳልጨርስ ደነገጥኩ። እየሠራም ያለብሱታል? አልኳቸው።
«ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ራቁቱን ላሳየው?»
እነቅለዋለሁ አሉ፤ ግን እኔን ዝም ማሰኛ መሆኑ ያስታውቃል። አሁን መኪና የለም። ጠዋት እሄዳለሁ።

ዓርብ
በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። እንደፈራሁት አልነቀሉትም። ስፒናው ጠቁሯል፣ የዳንቴሉ ጫፍ አሯል። ቁጥሩም ያው ራሱ ነው። ነቀልኩት። አማቴ አለቀሱ፤ ልጄ የሰጠችኝን ወሰድሽብኝ አሉ። ጋቢውን ከሳጥን አውጥቼ አለበስኳቸውና ማሞቂያውን ታቅፌ ተመለስኩ።

ደረሰኙ ገነት ጋ ነው፤ ሳልወድ በግዴ ደወልኩላት። ለካ ከሱቁ ሰኞ ዕለት ደውለው ነግረዋታል!
«ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለች።
ልሰድባት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እኔስ ማክሰኞ አውቄ ሐሙስ አይደል የተናገርኩት? አሮጊቷ መሀላችን ሊቃጠሉ ነበር።

ቅዳሜ
ገነት ደረሰኙን ይዛ መጣች። አብረን ሄደን መለስነው፣ ሌላ ዓይነት ለወጡልን። ለእማ እኔ አስረዳቸዋለሁ ብላ አዲሱን ይዛላቸው ሄደች።

ከሰዓት አማቴ ደወሉ፤ ድምፃቸው ሸጋ ነው። ገነት ሁሉንም ነግራቸዋለች። አንቺንም ትናንት ጠዋት ሮጠሽ እንድትደርሽ የላከችሽ እሷ ናት አሉ። ገነት እንዲያ ብላ ይሁን እሳቸው ራሳቸው ገምተው፣ አላውቅም። ኧረ እኔ ነኝ እማ ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው ግን ምርቃቱን ጀምረውታል፤ ከእሳት ያወጣችኝን ልጄን ክፉ አይንካት፣ ቤቷ ይሙላ፣ እያሉ ለገነት ያወርዱታል።
«አሜን በይ እንጂ» አሉኝ።
ደህና ናቸው። ቤታቸውም አልተቃጠለም። አሜን አልኩ። እንደዚህ የከበደኝ አሜን ግን የለም።