ባዶውን የቀረው ገመድ

ለወንድሜ ለሙንተሲር ጁማ፣
ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። «ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ» ብዬ ልጀምር ብዕር አነሳሁና «ለማከብርህ» የምትለው ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። መውደዱንስ አልክደውም፤ የእናቴ ልጅ ነህ። ለመሆኑ እንደምን ሰንብተሃል? ያ ሲያምህ የነበረው ወገብህ ተሻለህ ወይ? ሙቀቱስ እንዴት አደረገህ? ሰላትህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ ደህና ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ሰዉም ከብቱም ደህና ነን፤ ሐይቁም በቦታው አለ። ደህና ያልሆነ አንድ ነገር ነው ያለው፤ የተቀመጥኩትም እሱኑ ልነግርህ ነው።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። ደውዬልህ «ሰው ስንት ጣጣ አለበት፣ አንቺ ስለ በግ ታወሪያለሽ!» ብለህ ዘጋህብኝ። በድምፅ ቀድቼ እንዳልልክልህ ደግሞ የእኔን ወሬ አፍጥነህ እንደምትሰማው ራስህ እየሳቅህ ነግረኸኛል። ወረቀት አይፈጥንም። ሰላሀዲን ፈቃዱን ጨርሶ ወደ ጅዳ ሊመለስ ስለሆነ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ ንቅንቅ እንዳይል አስምዬዋለሁ።

የእህታችንን የሀፊዛን ሰርግ በቪዲዮ አይተኸዋል። ወርቃማው ወንበር፣ የአበባው ቅስት፣ ከደሴ የመጣው ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም ባንተ ወጪ ነው፤ አላህ ይተካልህ። ቪዲዮው ውስጥ የሌለውን ግን እኔ ልንገርህ።

እኛ ቤት ድግስ ሲኖር አባባ ካሉት በጎች የተሻለውን መርጠው፣ ራሳቸው በገመድ እየሳቡ፣ ጎረቤታችን እማማ ጸዳለ በር ድረስ እንደሚያደርሱ ታውቃለህ። «ይኸው የናንተ፤ እንደ እምነታችሁ እረዱት» ይላሉ። የሚያርደው የእነሱ ሰው ነው፣ የሚሠሩትም የእነሱ ሴቶች ናቸው፤ በሰርጉ ቀን ክርስቲያን ጎረቤት ሁሉ ሳይሳቀቅ ይበላል። እነሱ ሲደግሱ ደግሞ የእማማ ጸዳለ ባለቤት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የእኛን በግ ይዘው ይመጡ ነበር። ገመዱ እንኳ አንድ ነው። በግ ይዞ ይመጣል፣ ተራ እስኪደርስ በደረሰበት ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ከዚያ በግ ይዞ ይመለሳል። ያ ገመድ በዕድሜ ይበልጥሃል።

ለሀፊዛም ሰርግ አባባ ያንን ነጭ ሙክት በዚያው ገመድ አጥሩ ጋ አስረው፣ «ከሰላት መልስ አደርሰዋለሁ» ብለው ወደ መስጊድ ሄዱ። ከደሴ የድግስ አዛዥ አድርገህ የላክኸው ጓደኛህ ኢምራን በጉን አየና «ይሄስ ለማን ነው?» ብሎ ደወለልህ። አንተም «ለብቻ ማረድ የድሮ ሰው ጣጣ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ይታረድ። ለክርስቲያኖቹ የጾም ምግብ ይበቃቸዋል» አልክ። አጠገቡ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቼሃለሁና አትካደኝ። «ኧረ አባባ ይምጡ!» ብል ማን ይስማኝ። አባባ ሲመለሱ የጠበቃቸው ገመዱ ብቻ ነው፤ መሬት ላይ ተጥሎ።

ደውለው ሲጠይቁህ ምን አልካቸው? «አባባ፣ እርስዎ አይድከሙ፤ ቁጭ ብለው ይመልከቱ።» እኒህ ሰው እኮ ከሐይቅ እስከ አምባሰል የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው! በገዛ ልጃቸው ሰርግ እንግዳ አደረግሃቸው። ሌላ በግ ፍለጋ እንዳይወጡ የሙሽራው ሽማግሌዎች ደርሰው ነበር። ገመዱን አንስተው፣ አቧራውን አራግፈው፣ መልሰው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ያን ጊዜ ብታያቸው አንጀትህ ይቆረጥ ነበር፤ አንጀት ካለህ።

እሁድ እማማ ጸዳለ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የሰፈሩን ሴቶች አስከትለው፣ እልል እያሉ ገቡ። ከዓርብ ጀምሮ ከእኛ ጋር ሽንኩርት ሲልጡና ውኃ ሲቀዱ የሰነበቱት እኒሁ ሴቶች ናቸው። ከኢምራን አስተናጋጆች አንዷ «ማዘር፣ እናንተ በዚያ በኩል!» ብላ ከዳሱ ጥግ አስቀመጠቻቸው። በወረቀት ሳህን ፓስታና ሰላጣ ቀረበላቸው። በፍስክ ቀን፣ በሰርግ ቤት! እኔ የምገባበት ጠፋኝ። እማማ ጸዳለ ሳህኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ሆዴን ትንሽ ነፍቶኛል» አሉ። ምንም እንዳልነፋቸው እኔም አውቃለሁ፣ አብረዋቸው የተቀመጡትም ያውቃሉ።

አንተ በቪዲዮ የደወልከው ያኔ ነው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እሳቸው ዘንድ ደረሰ። ደህና ነዎት ወይ አላልካቸውም። «ፓስታው እንዴት ነው? ጣሊያን አደረግናችሁ እኮ!» ብለህ ሳቅህ፤ ኢምራንም ተከትሎህ ሳቀ። እሳቸው «ተመስገን ልጄ፣ ተባረክ» ብለው ስልኩን ለጎናቸው ሰው አቀበሉ። ሙሽራዋ እስክትወጣ ተቀምጠው፣ በዱዓው ላይ አሚን ብለው፣ መርቀው ሄዱ። አንዲት ጉርሻ ሳይቀምሱ።

በማን ላይ እንደሳቅህ ታውቃለህ ወይ? እናታችን ወደ አኼራ ስትሄድ አንተ ገና በእግርህ በቅጡ አልቆምክም ነበር። እማማ ጸዳለ ቤት እጀታው የተሰበረ ድስት አለ፤ የእነሱ ሥጋ ገብቶበት የማያውቅ፣ ለእኛ ብቻ የተለየ። ከእስላም ልኳንዳ ሥጋ እየገዙ በዚያ ድስት እየሠሩ ነው ያሳደጉህ። «ሕፃን ነው፣ ምን ያውቃል» ብለው የራሳቸውን ቢያጎርሱህ ማን ያይባቸው ነበር? አንድም ቀን አላደረጉትም። ግሸን ለማርያም ሲሄዱም ላሞቻቸውን ለአባባ ትተው ነው፤ አባባም ከራሳቸው ከብት አስበልጠው ጠብቀው ያስረክቧቸዋል። እንዲህ ነው የኖርነው። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ሲባል እሰማ ነበር፤ ከእኛ ቤት ይወጣል ግን አላልኩም።

ስልኩን ልትዘጋብኝ ስትል «ከፈለገች ሁለት በግ ይገዛላት» ያልከኝ ደግሞ ከሁሉም በላይ አንጨርጭሮኛል። እማማ ጸዳለ በግ ቸግሯቸው መሰለህ? ክብር በሐዋላ አይላክም ሙንተሲር! ጎረቤትህ የሚበላውንና የማይበላውን አውቀህ፣ አፍ አውጥቶ ሳይጠይቅህ ታዘጋጅለታለህ። ትልቅ ሰው ሲገባ ትነሳለህ፤ አባትህ የጀመረውን ነገር እሱን ሳትጠይቅ አታፈርስም። ይህ ሁሉ ጠፍቶህ አይደለም፤ አውቀኸው ነው ከዚህ የወጣኸው። እዚያ በመጀመሪያው ዓመትህ አሠሪህ ስምህን ትቶ «አንተ ሐበሻ» እያለ በጣቱ ሲጠራህ እያለቀስክ የደወልከው ለእኔ አልነበር? «እህቴ፣ ሰው እንዳልሆንኩ አደረገኝ» አላልከኝም? ውርደት እንዴት እንደሚያቃጥል የቀመሰ ሰው እንዴት አሳዳጊውን ያቀምሳል?

ከዚያ ወዲህ አባባ በእማማ ጸዳለ በር አያልፉም። መስጊድ ሲሄዱ በዚያ ጉልበታቸው በሐይቁ ዳር ይዞራሉ። ክርስቲያን እስላም ሳንል አብረን የምንቀብርበት የሰፈራችን ቅሬ ሲሰበሰብም «አሞኛል» ብለው ይቀራሉ። የፊታችን እሁድ ደግሞ የእማማ ጸዳለ ልጅ ሕይወት ታገባለች። አባባ «በምን ፊቴ ልግባ? አልሄድም» ብለው ቁርጡን ነገሩኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። እኛ ከሰርጓ ከቀረን የሁለቱ ቤት ነገር አበቃ፤ ከዚያ በኋላ እግዜር ይስጥልኝ ተባብሎ መተላለፍ ብቻ ነው።

ትናንት ጠዋት የግቢው በር ተንኳኳ። ብከፍተው እማማ ጸዳለ በግ ይዘው ቆመዋል። ባላቸው ያደርጉት የነበረውን እሳቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ አቀበቱን ሲስቡት መጥተው ያለከልካሉ። አባባ ደንግጠው ከመደቡ ተነሱ። «አያ ጁማ፣ ይኸው የናንተ፤ እንደ እምነታችሁ እረዱት» አሉ። «ድስቱን ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ የሚሠሩት ሴቶች ከናንተ ይምጡልኝ።» ስለ ሀፊዛ ሰርግ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

አባባ ግን በጉን አላዩትም፤ ያዩት ገመዱን ነው። አዲስ ነው። ከገበያ የተገዛ ሰማያዊ የናይለን ገመድ። አሮጌው የእኛ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀርቶ በምን ይሳቡት? አባባ ፊታቸውን በፎጣቸው ሸፈኑና «አፉ በይኝ ጸዳለ» አሉ። እሳቸውም «ለምኑ ነው አያ ጁማ? ልጅ እኮ ነው፤ ልብ ይገዛል» ብለው ትከሻቸውን ያዟቸው። ልጅ! ጺሙን አብቅሎ ሚስት ሊያገባ የተነሳ ልጅ! ቢሰድቡን ይሻለኝ ነበር።

አባባ እሁድ ይሄዳሉ፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር ወጥ ልሠራ እገባለሁ። ያንተን ግን ማንም አይከፍልልህም። ይህ ወረቀት እንደደረሰህ ለእማማ ጸዳለ ደውል፤ የተቀዳ ድምፅ እልክላቸዋለሁ እንዳትል። ረመዷን ሳይገባ አፉ ይበሉኝ በላቸው። ከዒድ በኋላ መጥተህ ሉብናን ልታገባ አስበሃል። አሮጌውን ገመድ ከግድግዳው ማንም እንዳያወርደው ብያለሁ፤ የምታወርደው አንተ ነህ። በግ መርጠህ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰፈሩ መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየህ እየሳብክ በራቸው ድረስ ትሄዳለህ። ባጃጅ ላይ ጭነኸው ብትሄድ አልቆጥርልህም። ይህን ካላደረግህ ወላሂ ዳስህን አልረግጥም።

ሀፊዛ ከነባሏ ሰላም ብላሃለች፤ ያ ሰርግ ሲነሳ አንገቷን ትደፋለች። አክስታችን ሀውራ ከአምባሰል ወርደው ሰንብተው ነበር፤ በዱዓቸው አልረሱህም። ልጄ ማህዲ «አጎቴ ማልያ ይላክልኝ» ይላል፤ አትላክለት፣ ሰላም በለው ብቻ። ሉብና ጠይቃሃለች፤ የሆነውን ሁሉ ሰምታለች፤ ምን እንዳለች እሷው ትንገርህ። እማማ ጸዳለ ትናንት ከበር ሲወጡ መለስ ብለው «ለልጄ ሰላም በይልኝ፤ ከሰው አገር ሲታመም ማን ያጎርሰው ይሆን?» ብለዋል።

አባባንም «ለሙንተሲር ምን ልበልልዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ተነስተው ለእማማ ጸዳለ በግ ሣር ሊሰጡ ወጡ። የእሳቸውን ሰላምታ እንግዲህ ራስህ መጥተህ ተቀበል።

እህትህ ረቢያ ጁማ
ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.