በሽርጥህ የሸፈንኩት ኮምፒውተር

ልጄ ሁዘይፋ፣ የአላህ ሰላም ካለህበት ይድረስህ፤ ጥላና ውሃ አይንሳህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱ ዘንድሮ ብሷል፤ እህትህ ሐናን ፈተና ላይ ነች። አንተም ቁርስ ሳትበላ አትውጣ።

ከየመን ስትደውል አንተን የምናይበት ኮምፒውተር ሞቶብን ነበር። ድምፅህ ከጠፋ ወዲህ ድንገት ትደውል እንደሆነ ብዬ አጥፍቼው አላውቅም፤ አቧራ እንዳይገባበትም በሽርጥህ ሸፍኜው ነበር። ጠጋኙ ዐብዲሐኪም ከከዚራ ሰፈር መጥቶ ሽርጡን ሲገልጥ፣ «እናቴ፣ በድሬ ሙቀት? አፍነሽ ገደልሽው እኮ!» አለኝ። ከአቧራ አድናለሁ ብዬ!

«ፎርማት ካልተደረገ አይነሳም፤ ውስጡ ያለው ግን ሁሉ ይጠፋል» አለ። ከባሕሩ አጠገብ ተነስተህ የላክህልን ፎቶ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ሌላ የለንም። ሐናን አለቀሰች። እኔ ግን፣ ልጄ ደውሎ ዝግ ከሚሆንበት ፎቶው ይቅርብኝ ብዬ «አጥፋው» አልኩት።

አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነውና፣ «በማን ስም ይሁን?» ሲለኝ ያንተን ነገርኩት። አሁን በከፈትኩት ቁጥር «ሁዘይፋ፣ እንኳን ደህና መጡ» ይላል፤ አንተን አንቱ ብሎ! ከዚህ ቃል በቀር ውስጡ ባዶ ነው። እኔም አንብቤው በሩን አያለሁ።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። ከቻልክ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ያንን ቃል አንድ ቀን እኔም በአፌ ልበልህ።

ይህን ወረቀት የሚወስድልኝ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ሹፌር «አድራሻው የት ነው?» አለኝ። ስምህን ብቻ ነገርኩት።

እናትህ ፋዱማ