ለገላኔ፣ መኪና ውስጥ የሚነበብ

ውድ ገላኔ፣

ይህን ወረቀት የሰጠሽ ወንድሜ ኑሬ ነው። ከዚህ አንቀጽ በታች አሁን አታንብቢ። መታወቂያሽን፣ የሥራ ማስረጃሽንና ለሳምንት የሚሆን ልብስ ያዢና ሚኒባሱ ውስጥ ግቢ። አከራይሽን እንኳ አትሰናበቺ። ቀሪውን መኪናው ከተነሣ በኋላ ታነቢዋለሽ።

እንግዲህ ተቀምጠሻል ብዬ ልቀጥል።

ጀቤሳ ሻሸመኔ መሆንሽን ዛሬ ጠዋት አወቀ። የነገርኩት እኔ ነኝ። ይህን ያስቀደምኩት ማንንም እንዳትጠረጥሪ ብዬ ነው። አሁን የምጽፍልሽ ሱቄ ውስጥ፣ ባንኮኒው ላይ ሆኜ ነው። እሱ ከእኔ አራት እርምጃ ርቆ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የደንበኞችን ትእዛዝ የምመዘግብ መስሎታል። ቀና ባልኩ ቁጥር ፈገግ ይልልኛል። ፊደሎቼ ከተጣመሙ ለዚህ ነው።

ባንኮኒው ሥር ደብቄ ስልክሽን ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ዝግ ነው። ከሥራ በኋላ ብቻ ክፈቺው ብዬ የመከርኩሽም እኔው ነኝ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ አልጽፍልሽም። ለምን እንደሆነ አሁን ትረጂያለሽ።

ነገሩ የጀመረው ከፍጥነት ነው። ፍራንኮ ሰፈር ያለውን ሱቄን ታውቂዋለሽ። ተማሪዎቹ ሃርድ ዲስክና ፍላሻቸውን ይዘው መጥተው ፊልም የሚያስጭኑበት፣ አንቺም ከሥራ ስትወጪ በሩ ላይ ተቀምጠሽ ታዋሪኝ የነበረበት ቦታ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ አስፋልቱ ማዶ ሌላ ፊልም ቤት ተከፈተ። ትናንት የወጣ የተከታታይ ፊልም ክፍል ዛሬ ጠዋት እነሱ ጋ አለ። የኔ መስመር አንድ ፊልም ለማውረድ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ደንበኞቼ አንድ በአንድ አስፋልቱን ተሻገሩ።

ስለ ቶረንት የነገርኩሽ ትዝ ይልሻል? ፊልሙን ከአንድ ቦታ ሳይሆን፣ ፊልሙ ካላቸው ሰዎች ሁሉ ቁርጥራጩን እየለቀመ የሚያወርድ ነው ስልሽ፣ «ደቦ ነው በይኛ!» ብለሽ ሳቅሽ። ያንን ደቦ እንዴት ማፍጠን እንደሚቻል ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ጀመርኩ። መጀመሪያ ዋይፋዩን ትቼ ኮምፒውተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኘሁት። አሥራ ሁለት ፊልም ባንዴ ማውረዴን ተውኩና ሦስት ሦስት አደረግሁ። ከእኔ ወደ ሌሎች የሚላከውን ገደብኩት፤ ለካ መላኩ መስመሩን ሲያጨናንቀው መቀበሉም አብሮ ይታነቃል። ብዙ ሰው የሚያካፍለውን ፋይል መምረጥም ተማርኩ። በሁለት ቀን ፍጥነቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ አንቺ ሥራሽ ላይ ነበርሽ።

አላቆምኩም። አንድ ቪዲዮ ላይ አንድ ሰውዬ፣ ያልተጋበዘ እንዳይገባ የሚጠብቀውን ፋየርዎል አጥፉት አለ፤ አጠፋሁት። ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጥበቃ ውጭ አውጡት አለ፤ አወጣሁት። እኔም ከራሴ ጨመርኩበት። ገና ከቤት ሳልወጣ በስልኬ ማውረድ እንድጀምር፣ ኮምፒውተሩን ከሩቅ የሚያዝ ፕሮግራም ጫንኩ። የይለፍ ቃሉን እንዳልረሳው ብዬ ከአንድ እስከ ስድስት ያሉትን ቁጥሮች ደረደርኩ። ይህ ሁሉ የጨመረልኝ ፍጥነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

የአንቺ ፎልደርም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነበር፣ ገላኔ። የሐኪም ማስረጃሽ፣ ጀቤሳ እንዳይቀርብሽ የሚለው የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ እሱ የሰበረው ክንድሽ ፎቶ፣ ኋላም የላክሽልኝ የሻሸመኔው የቤት ኪራይ ውል። መናኸሪያው ውስጥ ክንድሽ በጄሶ ታስሮ፣ «የኔ ቢቃጠል ያንቺ ይተርፋል» ብለሽ የወረቀቶቹን ቅጂ ስትሰጪኝ፣ «እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ» አልኩሽ። ወላሂ ብዬ ነበር የማልኩልሽ።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ምልኬሳ ሱቁ ውስጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚያጠና፣ የቆየ ደንበኛዬ ነው። ሃርድ ዲስኩን ልቀበለው ሁለት እጄን ዘርግቻለሁ።

«ኢሕሳን፣ ማውሱን ማነው የሚያንቀሳቅሰው?» አለኝ።

ዞርኩ። ስክሪኑ ላይ ቀስቷ ብቻዋን ትሄዳለች። አትሮጥም፤ ዕቃ እንደሚመርጥ ሰው እየቆመች ነው የምትሄደው። አንድ ፎልደር ከፈተች፣ ዘጋች። ሌላ ከፈተች። ከዚያ ስምሽ ላይ መጥታ ቆመች። ከፈተችው። የክንድሽ ፎቶ ወጣ። ቀጥሎ የኪራይ ውሉ፣ ከነቀበሌው፣ ከነቤት ቁጥሩ። ሰው አየሁ ብልሽ ይቀለኝ ነበር፤ የማይታይ ሰው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ወረቀትሽን ያነብ ነበር።

«ገመዱን ንቀይው እንጂ!» ብሎ ጮኸ ምልኬሳ። እኔ አልቻልኩም፤ እሱ ነው ዘሎ የነቀለው።

ያን ዕለት ሱቁን ዘግተን መረመረው። የገቡት ከውጭ አገር እንደሆነ አሳየኝ። «ቀኑን ሙሉ ክፍት በር የሚያስስ ማሽን አለ፤ ሲያገኝ ነው ሰውየው የሚገባው። አንቺንም ጓደኛሽንም አያውቁም» አለኝ። ፋየርዎሉን መለሰው፤ ያንን ፕሮግራም አጠፋው፤ ሁሉንም ከአዲስ ጫነው። ቴሌግራሜም እዚያው ተከፍቶ ስለነበር ማን እንዳነበበው አይታወቅም አለኝ። እኔ ግን ከተናገረው ሁሉ አንዱም አልገባኝም። በጭንቅላቴ የነበረው ጀቤሳ ብቻ ነው። ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ገዝቶ ቢሆንስ? ማውሷን ያዘዛት እሱ ቢሆንስ?

ያኔውኑ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ማክሰኞ አለፈ፣ ረቡዕ አለፈ። አንድ ጊዜ ደውለሽልኝ ስለ ቲማቲም ዋጋ አወራን፤ እኔም አወራሁ። ምን ብዬ እጀምራለሁ? «ፊልም ቶሎ እንዲወርድልኝ ብዬ የቤትሽን ቁጥር ለማላውቀው ሰው አሳየሁት» ልበልሽ? አፈርኩ። ሁለት ቀን አንቺን ከመጠበቅ ይልቅ ራሴን ደበቅሁ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። አራት ሰዓት ላይ ጀቤሳ ገባ።

እንደምታውቂው በየሁለት በየሦስት ወሩ እየመጣ ይጠይቀኛል፤ እኔም አላውቅም እለዋለሁ፤ ይሄዳል። ዛሬም ከዚያ የተለየ ነገር ይዞ አልመጣም ነበር። ይህን አሁን ነው የተረዳሁት።

«አካም ጅርታ፣ ኢሕሳን?» ብሎ ሰላም አለኝና ሃርድ ዲስኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «ያ የቱርኩ ተከታታይ ፊልም ሙሉው ይኖርሻል?»

«አወርድልሃለሁ» አልኩት።

ኮምፒውተሩን አየት አደረገና፣ «መቼም ይሄ ማሽንሽ ያልያዘው ነገር የለም» አለ። ለወሬ ያህል ነው ያለው። እኔ ግን ማውሷን ያዘዛት እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ። «ስለ ጓደኛሽስ ምንም አልሰማሽም?»

«ሻሸመኔ የለችም!» አልኩት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፣ ገላኔ። እንደሚወድቅ ብርጭቆ ነበር፤ ታይዋለሽ፣ አትይዥውም። ጀቤሳ መጀመሪያ የገባው አይመስልም ነበር። ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ በራ።

«እኔ መቼ ሻሸመኔ አልኩ?»

እጁን ዘርግቶ የእጄን አንጓ ያዘኝ። አላጠበቀውም። ከመምታቱ በፊት በቀስታ ነው የሚይዘኝ ብለሽኝ ነበር፤ እንዴት እንደሚያስፈራ ዛሬ ነው የገባኝ።

«ሻሸመኔ ሰፊ ናት እህቴ» አለኝ በለስላሳ ድምፅ። «የት ጋ?»

በዚህ መሃል ምልኬሳ ፍላሹን ይዞ ገባ። ጀቤሳ እጄን ለቀቀ። ድምፄን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ «ፊልምህ ወርዶ ይለቅ፣ ሰው ሲሄድልን እነግርሃለሁ» አልኩት። አመነኝ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ወደ ሻሸመኔ ቢነሣ እንኳ ቤቱን ሳያውቅ አይሆንለትም፤ የሚያቆየው ይኼ ብቻ ነው። ስለዚህ ፊልሙን ማውረድ ጀመርኩና ፍጥነቱን በሰከንድ ሃያ ኪሎባይት ላይ አሰርኩት። በዚህ አካሄድ ሳምንት አይበቃውም።

«ኔትወርኩን ምን ነካው ዛሬ?» አለኝ።

«ንፋሱ ነው» አልኩት። «መስመሩን ያናውጠዋል።»

ምልኬሳ ቀና ብሎ አየኝ። ንፋስ እንዲህ እንደማያደርግ ያውቃል። ቁራጭ ወረቀት ላይ «ፖሊስ ጣቢያ፣ ሳጅን የሺዓለም፣ ጀቤሳ እዚህ ነው» ብዬ ጻፍኩና ከፍላሹ ጋር ሰጠሁት። አነበበው። «እሺ፣ በኋላ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። እስከ ጥግ ድረስ በእርጋታ ሄደ፤ ከዚያ ሲሮጥ በመስኮቱ አየሁት።

ይህ ከሆነ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው። ማንም አልመጣም። አሁን ተነሥቶ ወደ ስክሪኑ እየመጣ ነው

*

ብዕሬን ያስጣለኝ እሱ ነው። ገላኔ፣ አልነካኝም። ስክሪኑን ሲያይ የቀረው ጊዜ ስምንት ቀን ይላል። «ታላግጪብኛለሽ?» አለና ባንኮኒውን ዞሮ መጣ። ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ከተትኩና ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። የሺዓለም የገባችው ያኔ ነው፣ ከሌላ ፖሊስ ጋር። የተሰበረ ክንድሽን ይዘሽ የሄድሽ ቀን ቃልሽን የተቀበለችው እሷ ነበረች፤ አልረሳችሽም። «አቶ ጀቤሳ፣ ትእዛዙ እሷንም ዘመድ ወዳጇንም አትቅረብ ነው የሚለው» አለችው። ፊልም ላስጭን ነው የመጣሁት አለ። ወሰዱት። ሲወጣ ዞር ብሎ፣ «አመሰግናለሁ፣ ኢሕሳን» አለኝ። እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የሺዓለም አልዋሸችኝም። «ቃሌን እሰጣለሁ ካልሽ እንከሰዋለን፤ ግን ነገ ዋስ ጠርቶ ሊወጣ ይችላል። ጓደኛሽ ዛሬውኑ ቦታ ትቀይር» አለችኝ። «ቃሌን እሰጥዎታለሁ» አልኳት። ይህን ወረቀት ኑሬ እንደያዘ ወደ ጣቢያው እሄዳለሁ። ስሜን እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ፤ ሻሸመኔ ያልኩትንም አልደብቅም።

ኑሬ መኪናውን አቁሞ ጡሩምባ እየነፋ ነው። ፎልደርሽን ፍላሽ ላይ ገልብጬ ከኮምፒውተሩ አጥፍቼዋለሁ፤ ፍላሹን ከነቅጂዎቹ ከዚህ ወረቀት ጋር አስሬልሻለሁ፤ እኔ ጋ የቀረ ነገር የለም። የት እንደሚወስድሽ ኑሬ ያውቃል። ለእኔ እንዳይነግረኝ በእናታችን አስምዬዋለሁ። ባለቅስበትም፣ ብለምነውም።

አንቺም አትንገሪኝ። አዲሱን ስልክሽን አትላኪልኝ፣ በሰው ሰላም አትበይኝ። ስንት ዓመት ጓደኛዬ ነሽ፤ እንዲህ ብዬ እጽፍልሻለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን ዛሬ ራሴን አወቅሁት፤ ስፈራ እናገራለሁ። የማላውቀውን ግን ብፈራም አልናገረውም።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ እሱን ለማሰብ ጊዜ የለሽም። አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂውና በመስኮቱ በትኝው። አንድ ቀን እፈልግሻለሁም አልልሽም። ማንም እንዳይፈልግሽ ነው አላህን የምለምነው፣ እኔም ጭምር።

ኢሕሳን